የአሰልጣኙ ሚስት መሪ ስትይዝ

ቅናት የወጣት በሽታ ነው የሚል ሰው ካለ መርፌን አያውቃትም ማለት ነው። መርፌ ያላት ሰፈሩ ነው፤ አንድም ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ አንድም ምላሷ ስለሚወጋ። ቅናት የያዛት ልጇን ድራ፣ ፀጉሯ ከፊት ከፊቱ ሸብቶ፣ ያለ መነጽር ክር ማስገባት ካቃታት በኋላ ነው። ያውም በማን? በገዛ ባሏ፣ በዚያ ስንት ዘመን አብራው ኖራ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብላ "የት ነበርክ?" ብላው በማታውቀው ሰው።

ባሏ መንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ አሰልጣኝ ነው። እንደ ሰው ጥሩ ሰው ነው፤ አይጠጣ፣ አይሳደብ፣ ደሞዙን አይደብቅ። ግን አይናገርም። ጠዋት "ደህና ዋይ"፣ ማታ "እንዴት ዋልሽ"፣ በመካከሉ ያለው ሁሉ "እህ" ነው። ደንበኛ አናደደኝ ብትለው "እህ"፤ ጣሪያው አፈሰሰ ብትለው "እህ"። ልጃችን ፀነሰች ብላ ስትነግረው እንኳ መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ "ጥሩ ነው" ብሎ መልሶ አደረገው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ መርፌ ግን የእኔ ባል ዝምታ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል ትላለች። ቢሆንም ለምዳዋለች። ተፈጥሮው ነው ብላ ትታዋለች። ሰው የተፈጥሮን ነገር ምን ያደርገዋል?

አንድ ቀን ታዲያ ያንኑ መነጽሩን ረስቶ ሄደ። ያለ እሱ ሩቅ አያይምና ሥራዋን አቋርጣ ይዛለት ሄደች። የማሰልጠኛው ሜዳ ከቢሮው ጀርባ ነው፤ በነጭ ቀለም የተሰመረ አስፋልት፣ የተደረደሩ በርሜሎች፣ ዙሪያውን ሽቦ አጥር። አጥሩን ይዛ ስትፈልገው ከበርሜሎቹ አጠገብ ቀስ እያለች የምትዞር መኪና ውስጥ አየችው። መስኮቱ ክፍት ነው። መሪ የያዘችው የማዕዘኑ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት፤ መርፌ ራሷን ባመማት ቁጥር ኪኒን የምትሸጥላት፣ ጥፍሯ የተሞረደ፣ ባል የሌላት፣ ደርባባ ሴት።

ባሏ እያወራ ነበር።

"አይዞሽ እህቴ፣ መሪው የትም አይሸሽም። አትጨምድጂው፣ ያዢው ብቻ። ግራሽ ይግፋ፣ ቀኝሽ ይቀበል። እንደሱ! ደግሞ አሁን መልሺው... ቀስ... ጎበዝ።"

ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ጊዜ ያለው፣ ሰው ሕፃን ሲያባብል የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር። ሴትየዋ አንድ ነገር ስትለው ደግሞ ሳቀ። ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ከዚያ መዳፉን ግራ እጇ ላይ ጫን አድርጎ መሪውን አብሯት አዞረ። መርፌ መነጽሩን ለዘበኛው ወርውራ በመጣችበት ተመለሰች። ዘበኛው "ሰላም አይደለሽም እንዴ?" ቢላት አልሰማችም።

ያን ቀን የሰው ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍታ እንደ ከረጢት ዘጋችው፤ ፈታችው፤ ደግማ ዘጋችው። እጁን ሴትየዋ እጅ ላይ ማድረጉ አይደለም እኮ የከነከናት። እጅ የሥራው ነው፣ ይሁን። ያቃጠላት ድምፁ ነው። ያ ድምፅ እንዳለው አታውቅም ነበር። ተፈጥሮው ነው ብላ የተወችው ነገር ተፈጥሮው አይደለም ማለት ነው፤ ለሷ ብቻ ነው የተዘጋው። ለሌላ ሴት፣ ለዚያውም በሥራ ሰዓት፣ ወለል ብሎ ይከፈታል። እህህ ብላ ሞተች በሏት።

ማታ ራት አቅርባለት፣ "መንዳት ልማር ነው" አለችው።

ቀና አለ። "ለምን?"

"ለመንዳት ነዋ። አንተ ነህ የምታስተምረኝ፤ ሌላ አሰልጣኝ ቢሰጡኝ አልሄድም።"

ጉርሻውን አላምጦ ውጦ ሲያበቃ "ይሁን" አለ። አለቀ። በማግስቱ ለመመዝገብ ስትሄድ የማሰልጠኛው ሥራ አስኪያጅ፣ ሴትዮዋ፣ ከት ብላ ሳቀችባት። መርፌ ጋ ልብስ የምታሰፋ ደንበኛዋ ስለሆነች ይቀላለዳሉ፤ ማታ ማታ አልበቃ ብሎሽ ነው የቀኑንም የምትወስጂብኝ አለቻት። መርፌም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

የመጀመሪያው ቀን ሰውየው በሩን ዘግቶ ቀበቶውን ሲያስር ሌላ ሰው ሆነ። እጅሽን ግራና ቀኝ ትይዩ አድርጊ አላት። አውራ ጣትሽን በመሪው ዙሪያ አትጠቅልዪ፣ ከላይ አጋድሚው፤ ጎማው ድንጋይ ቢመታ መሪው ተወርውሮ ጣትሽን ይሰብረዋል አላት። ስትዞሪ አንዱ እጅሽ ይግፋ፣ ሌላው ተንሸራቶ ይቀበል፤ እጅ በእጅ ላይ አይሻገር፤ ከተሻገረ ክንድሽ ይቋጠርና መመለሻ ታጪያለሽ። ሲመለስም አትልቀቂው፤ መዳፍሽ ውስጥ ለውስጥ እንዲንሸራተት ተዪው። ኮፈኑን አትዪ፣ የምትሄጂበትን እዪ፤ እጅ ዓይንን ነው የሚከተል። ይህን ሁሉ የተናገረው ሰው ያ "እህ" ባዩ ባሏ ነው! መርፌ ግማሹን አልሰማችም። ድምፁን ነበር የምትሰማው። ያ ድምፅ አሁን ለሷ ሆነ፤ "አይዞሽ" አላት፣ "ጎበዝ" አላት፣ ስትስት ደግሞ ሞቅ ያለ መዳፉን እጇ ላይ አሳረፈ። ስንት ዓመት አብረው ሲኖሩ በቀን ብርሃን እጇን ይዞ አያውቅም ነበር። ከመኪናው ስትወርድ በሩን መዝጋት ረሳች፤ እሱ የመሰለው ከድካም ነው።

ደስታ ግን አንድ ነገር አለው፤ አይበቃም። ይህን ለኔ የሚያደርግ ለሷም ያደርጋል ብላ አሰበች፤ ለሷ ደግሞ ከኔ በፊት ነው የጀመረው። እልህ ይዟት ቤቷ ክብ ትሪ ጭኗ ላይ አቁማ መለማመድ ጀመረች። ግራ ይገፋል፣ ቀኝ ይቀበላል። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ በስፌት መኪናው እግር ሥር በሁለት እጇ ስትገፋና ስትቀበል የኖረች ሴት ናት፤ ይሄ ለሷ ምኑ ነው? በሁለተኛው ሳምንት መሪው መዳፏ ውስጥ ሳታስብበት ይዞር ጀመር። በበርሜሎቹ መካከል እንደ እባብ ተጠማዝዛ ወጣች፤ አንዱንም አልነካችም።

ወጥታ ዞር ስትል ባሏ ዝም ብሏል።

ጉድ እኮ ነው። ስትችል ጊዜ የሚላት ነገር አጣ። መንገዱን እያየ "እህ" አለ። የቤቱ ዝምታ ተከትሏት መጥቶ መኪናው ውስጥ አብሯት ተቀመጠ። መርፌ ያኔ ደነገጠች፤ መንዳቱን እንዲህ በቶሎ ችላ ድምፁን ልታጣው ነው እንዴ? በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ቀኝ እጇን ሆን ብላ በግራዋ ላይ አሻገረችና ክንዷን ቋጠረችው።

"ቀስ፣ ቀስ... አይዞሽ" አለ ድምፁ። መዳፉም መጣ።

ከዚያ በኋላማ ቲያተረኛ ሆነች። አንዱን ቀን አውራ ጣቷን ትጠቀልላለች፣ ሌላውን ቀን ኮፈኑን አፍጥጣ ታያለች፣ ሁሉም ነገር ሲጠፋት ክንዷን ትቋጥራለች። ከሷ በኋላ የተመዘገቡ ለፈተና ቀርበው አልፈው ሄዱ፤ እሷ ገና ናት። ሥራ አስኪያጇ ስታገኛት ምነው የሱሪ ዚፕ እንደ ውሃ የምትገጥም ሴት መሪ ዳገት ሆነባት ትላታለች። መርፌም ትተክዛለች። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍራል።

ተራዋን የምትጠብቀው ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ከሷ በፊት ያለው ሰዓት የፋርማሲስቷ ነው። መርፌ እዚያ ተቀምጣ ዓይኗን ከመሪው አታነሳም። አየቻት። ሴትየዋ ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር ቀኝ እጇ በግራዋ ላይ ይሻገራል፣ ክንዷ ይቋጠራል፣ ከዚያ የመርፌ ባል መዳፍ ይመጣል። ሁልጊዜ ያው መታጠፊያ፣ ሁልጊዜ ያው ስህተት፣ ሁልጊዜ ያው መዳፍ። መርፌ ለራሷ ሳቀች። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ። አንቺ ነሽ እኔን የምታታልዪኝ? ይህን ቲያትር እኔ ነኝ የምሠራው፤ የት ጋ እንደሚጀመር፣ የት ጋ እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ አለች በሆዷ። ይህቺ ሴት መሪ ታውቃለች፤ እጁን ነው የምትፈልገው።

በዚያው ማታ "ያቺ ፋርማሲስት አልበዛባትም?" ብላ ወግ አስመስላ ጠየቀችው።

"ቀስ ትላለች" አላት።

"ሁለቴ ተፈትና ወድቃ የለ እንዴ?"

"ጊዜ ያስፈልጋታል።" ሳህኑን አንስቶ ወደ ጓዳ ሄደ። መርፌ ከዚያች "ጊዜ ያስፈልጋታል" ከምትለው ቃል ውስጥ ለሷ የማይሰጠውን ርኅራኄ ሁሉ ሰማች፤ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታው አደረች።

አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትወጣ ታውቃላችሁ፤ ጨርሼ አልናገርም። መርፌ ሥራ አስኪያጇ ጋ ቀሚስ ልትለካ ስትሄድ፣ መለኪያዋን ወገቧ ላይ እንደጠመጠመችባት፣ ያቺ ፋርማሲስት እኮ ደርሳለች ይላል ባለቤቴ፣ አፍሮ ነው እንጂ ለፈተና ትቅረብ ማለት ፈልጎ ነበር አለቻት። ሥራ አስኪያጇ አመነታች። የማሰልጠኛው ደንብ ሦስቴ የወደቀ ሰው ከመጀመሪያው ትምህርት ይጀምራል የሚል ነው፤ ለሴትየዋ ደግሞ ይህ ሦስተኛዋ ነው። መጨረሻ ላይ ግን አሰልጣኙ ካለማ አለችና ለማግስቱ ጧት ቀጠሮ ያዘችላት። ቀጥላም እጇን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች፣ እንግዲያው አንቺንም ልጨምርሽና ባልሽ ይረፍ አለቻት። መርፌ ምን ትበል? አልደረስኩም እንዳትል ነገሩ ባሏ ጆሮ ሊደርስ ነው፤ አፏ ውስጥ ያለው መርፌ ራሷን ወጋት። እሺ አለች።

የፈተናው ጧት ባሏ ሜዳው ላይ ሁለቱንም ቆመው ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ለሚስቱ አልነበረም የተለዋወጠው፤ ወደ ፋርማሲስቷ ነው የሄደው። ጠጋ ብሎ በለሆሳስ አነጋገራት፣ እሷም ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እሱ ወደ ቢሮው ሮጠ። ፈታኞቹ ግን ገብተዋል፣ በሩ ተዘግቷል። መርፌ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ለኔ አልሮጠም አለች። ዓይኗ ደም ለበሰ።

መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ናት። ንዴት ቲያትሩን አስረሳት፤ ክንድ መቋጠር ትዝ ቢላት አይደል የምትቋጥረው! መሪው ከግራ መዳፏ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተንሸራተተ በበርሜሎቹ መካከል አሳለፋት፤ ወደ ኋላም መለሳት፤ መስመር ውስጥ አቆማት። ፈታኙ ጥሩ እጅ አለሽ ብሎ አለፍሽ አላት። ስትወርድ ባሏ እያያት አልነበረም።

ከዚያ ፋርማሲስቷ ገባች። የመጀመሪያውን በርሜል በደህና አለፈች። ሁለተኛው ላይ ወደ ግራ ስትታጠፍ ክንዷ ተቋጠረ፤ መዳፍ የለም፣ ድምፅም የለም፤ አጠገቧ ያለው ፈታኝ ነው። ለመፍታት ስትታገል ፍሬን መስሏት ነዳጅ ረገጠች። መኪናው በርሜሉን ጠርምሶ፣ የመንገዱን ጠርዝ ዘሎ፣ ከዘበኛው ጎጆ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ቆመ። ዘበኛው እግዜር ሲያወጣው ሻይ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ስትወጣ ከንፈሯ ይደማል፤ የመርፌ ባል ቀድሞ ደረሰላት።

መርፌ ያገኘቻት በኋላ መታጠቢያ ቤት ነው። ፋርማሲስቷ ቧንቧውን ከፍታ ፊቷን በአንድ እጇ ብቻ ታጥባለች። በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና አንቺ አለፍሽ አሉኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፣ ከልቧ። ከዚያ እንባዋ መጣ።

"እጄ አይዞርም" አለች፤ ግራ እጇን ዘረጋችላት። አንጓው ላይ እብጠት የመሰለ አጥንት አለ። "ልጅ ሆኜ ተሰብሮ ተጣሞ ነው የገጠመው። መዳፌን ወደ ላይ መገልበጥ አልችልም፤ ቢሮ ከሰማ ስለማይቀበሉኝ ለማንም እንዳይናገር ለምኜዋለሁ። እሱ ለኔ እጅ የሚሆን አያያዝ እየፈለገልኝ ነበር። ሳትደርሺ አልልክሽም ብሎኝ ነበር። ቢሮ ግን ደርሳለች ያለው እሱ ነው አሉኝ። ታዲያ ዛሬ ለምን ላከኝ?"

ሌባ እናት ልጇን አታምንም። መርፌ የራሷን ውሸት ሰው እጅ ላይ አይታ ነው ይህን ሁሉ ያደረገችው። ዝም ብላ መውጣት ትችል ነበር፤ ማንም አያውቅባትም። ሴትየዋ ግን ለምን ላከኝ ብላ ስትጠይቅ የምትወቅሰው እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ ምንም አላደረገም።

"እሱ አይደለም የላከሽ" አለቻት። "እኔ ነኝ። በስሙ ዋሽቼ ነው።"

ፋርማሲስቷ ቧንቧውን ዘጋች። አልተሳደበችም፣ ለምን ብላም አልጠየቀች። ሴት ስለሆነች ገብቷታል መሰለኝ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ባሏን ያገኘችው ጥግ ላይ በቆመችው የማሰልጠኛ መኪና ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነው፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት በቀኙ ወንበር። እሷም በግራ ገብታ በሩን ዘጋች። ለሥራ አስኪያጇ የነገርኳት እኔ ነኝ አለችው። እሱ የመኪናውን የፊት መስታወት እያየ ነበር።

"ሰው ልትገድዪ ነበር" አለ። "ለምን?"

"ቀናሁ። ምን ልበልህ? ቀናሁ። እሷን የምታናግርበት ድምፅ እቤቴ ውስጥ የለም። ልጄን ስድር አልሰማሁትም፣ እናቴን ስቀብር አልሰማሁትም። አጥር ላይ ተንጠልጥዬ፣ ለሌላ ሴት ሲወጣ ሰማሁት። ፈለግሁት። እዚህ የመጣሁት ለሱ ነው እንጂ መኪና ምን ያደርግልኛል? ስችል ዝም ስትለኝ ደግሞ የማልችል መሰልኩ።"

እሷ "እህ" ሊል ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች።

"አውቃለሁ" አለ። "ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እጅሽ ጨርሷል። እኔ እጅ ሳይ ነው የምውለው።"

"ካወቅክ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትወርጃለሽ።"

ይህን ብሎ በሩን ከፍቶ ወረደ። መርፌ እዚያው ቀረች። ለካ እሱም ሲጠብቃት ነበር፤ ለካ ሁለቱም ያንኑ አብረው የሚቀመጡበትን ሰዓት ነበር የሚሠርቁት፤ እሷ ደግሞ በገዛ ምላሷ ፈተናውን አልፋ ከመኪናው ወረደች። መሪውን ተደግፋ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች።

ለሥራ አስኪያጇ እውነቱን ነገረቻት። የፋርማሲስቷን እጅ ነገር ግን አልተናገረችም፤ ያ የሷ ምሥጢር አይደለም። ሥራ አስኪያጇ ግማሽ የተሰፋ ቀሚሷን ይዛ ሄደች፣ ሌላ ሰፊ ጋ ወሰደችው። ውጤቱ ግን አልተለወጠም፤ ፈታኝ የጻፈውን የሚሰርዝ የለም። ደንቡ ደንብ ነውና ፋርማሲስቷ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀመረች፤ ጧት ጧት ከመርፌ ባል ጋር፣ በመርፌ ባል መኪና፣ ሙሉውን ትምህርት እንደገና፣ የመርፌን ሰዓት ጭምር ተረክባ። መንጃ ፈቃዷን ሳጥን ውስጥ የቆለፈችው መርፌ ይህን ስታስብ ክሩ በእጇ ይበጠሳል። ራሷ ናት ያደረገችው፤ የምትወቅሰው ሰው እንኳ የላትም።

ቤቱ እንደ ድሮው ሆነ፤ እንዲያውም ባሰበት። ባሏ አልተጣላትም፣ አልታረቃትም። ራት ሲቀርብ እንደ ሁልጊዜው እሱ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እሷ ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ፤ እሱ ሳህኑን ያያል፣ እሷ እሱን ታያለች። አንድ ማታ እንዲህ ስታየው ቆየችና ያን ቀን "ብነግርሽ ትወርጃለሽ" ሲላት ፊቱ ወዴት እንደነበር ትዝ አላት። እሷን አላያትም ነበር። የመኪናውን መስታወት ነበር የሚያየው፤ ሁለቱም መስታወቱን ነበር የሚያዩት። ከዚያ በፊትስ? አንድም ቀን ፊቷን እያየ ያወራት ነገር የለም። ፋርማሲስቷንም ሲያስተምራት አይቷት አያውቅም፤ መንገድ ነበር የሚያየው። ይሄ ሰውዬ ዓይን ያስደነግጠዋል። እሷ ደግሞ የጋብቻ ዘመኗን ሙሉ ከማዶ ተቀምጣ እንደ ፈታኝ ስታፈጥበት ኖራለች።

ተነሳች። ወንበሯን እየጎተተች ጠረጴዛውን ዞረችና በግራው በኩል፣ ከጎኑ አስጠግታ ተቀመጠች። አሁን ሁለቱም ባዶውን በር ነው የሚያዩት።

"ምን ሆንሽ?" አላት።

"ምንም። ብላ።"

በሉ። ሳህኑ ባዶ ሆነ። እሷ አላየችውም፤ አንገቷ እስኪደርቅ በሩን አየች። ቆየት ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ያ ድምፅ፣ ያ ጊዜ ያለው ለስላሳ ድምፅ፣ እዚያው የቤታቸው ጣሪያ ሥር፣ ከጎኗ መጣ።

"ያቺ ፋርማሲስት ዛሬ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ?" አለ። "ግራ እጇን ከታች እንድትይዝ አደረግኋት፤ መዳፏን ሳትገለብጥ፣ ከሥር ብቻ እንድትጎትት። እንዴት እንደዞረች ብታዪ! ደስ ብሏት ጮኸች እኮ። እኔም ጮህኩ።"

እና ቀጠለ። ስለ እጇ፣ ስለ አያያዟ፣ ስለ ትዕግሥቷ፣ ሴትየዋ እንዴት ጎበዝ እንደሆነች፣ መርፌ ዕድሜዋን ሙሉ ከሰማችው ንግግር ሁሉ የበለጠ በአንድ ማታ አወራላት። እያንዳንዱ ቃል ይወጋታል፤ እንዲያቆም ግን አልፈለገችም። ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሳ፣ ወንበሯን ትንሽ ወደሱ አስጠጋች።

"ከዚያስ?" አለችው።